ከጎንደር ነን፤ የአክስለሬተር ማመልከቻው ላይ «አዲስ አበባ» ብለን እንጻፍ?

የማራኪዋ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ለዚህ ቤት። ምክር ፈልጌ ነው፤ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ሦስት ነን። እኔና አንዱ ከቴዎድሮስ ግቢ ኮምፒውተር ሳይንስ አምና ጨረስን፤ ሦስተኛው ፋርማሲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው። የሠራነው የቴሌግራም ቦት ነው። የመድኃኒቱን ስም ስትጽፉለት ጎንደር ውስጥ የትኛው መድኃኒት ቤት እንዳለው ይነግራችኋል። በቃ ይኸው ነው። የተጀመረው አክስቴ ከቋራ ታማ መጥታ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ ነው፤ አስታማሚዋ እኔ ነበርኩ። ማዘዣውን ይዤ ከሆስፒታሉ በር እስከ ፒያሳ፣ ከፒያሳ እስከ አራዳ ስዞር ዋልኩ። «የለም»፣ «ትናንት አልቋል»፣ «እስኪ ከታች ያሉትን ጠይቂ»። ዘጠነኛው ቤት ተገኘ። ለባጃጅ ያወጣሁት ከመድኃኒቱ ዋጋ በለጠ። ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ ከአርማጭሆ የመጡ። ከተማውን አያውቁትም፤ ወረቀቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር የሚዞሩት።

አሁን 23 መድኃኒት ቤቶች ይመልሱልናል። ገቢ የለንም። ለዋይ ኮምቢኔተር (ለጀማሪ ኩባንያዎች ገንዘብና ምክር የሚሰጥ የአሜሪካ አክስለሬተር ነው) ልናመለክት ነው፤ ሌላም ካለ ጠቁሙን። የተጣላንበት ነገር፦ አጋሬ «ጎንደር ብለን ከጻፍን ዞር ብለውም አያዩንም፤ አዲስ አበባ እንበል፣ ገበያችንም መላው አፍሪካ ይሁን» ይላል። እኔ መዋሸቱ አልጣመኝም፤ ግን ልክ ቢሆንስ ብዬም እፈራለሁ። ኩባንያችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ምን ይሠራል ለሚለው የሞላነው ይኸ ነው፣ ወደ አማርኛ መልሼዋለሁ፦

«በሰው ሠራሽ አስተውሎት የታገዘ፣ የአፍሪካን የመድኃኒት አቅርቦት ሰንሰለት የሚያዘምን ሁሉን አቀፍ ዲጂታል ፕላትፎርም።»

ተቹኝ፣ አይከፋኝም።

ደባርቅ_ብርድ — ማክሰኞ፣ 3፡41

ተከታታይ ነኝ። አንድ ነገር ብቻ ልበል፣ ሰዓቱን አደራ። ባለፈው ቀነ ገደቡ «8 ፒኤም» ይላል፣ እኔ ማታ 2 ሰዓት ብዬ ያዝኩ። ከሥራ ስገባ 2፡30 ሆኗል። አለፈኝ ብዬ ላፕቶፑን ዘግቼ ተኛሁ። ለካ የካሊፎርኒያ ሰዓት ነው! በእኛ በማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት ነበር የሚዘጋው። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሙሉ እንቅልፌን ለጠጥኩ።

(በእነሱ ክረምት ደግሞ አንድ ሰዓት ይጨመራል፤ ጠዋት 1 ሰዓት ይሆናል። የሚያመለክት ሰው ወሩን ይይ።)

ቀይ_እስክሪብቶ — ማክሰኞ፣ 4፡05

አይከፋኝም ብለሻልና።

የአክስትሽን ታሪክ ሳነብ ገብቶኝ ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ላይ ስደርስ ጠፋኝ። አስተውሎቱ የት አለ? ቦቱ ስም ተቀብሎ ዝርዝር ውስጥ የሚፈልግ አይደለም እንዴ? የአፍሪካ አቅርቦት ሰንሰለት ውስጥስ የቱን ቀለበት ነካችሁ? ከመቶ አመልካች አንድ ገደማ በሚያልፍበት ቦታ፣ የቀሩት ዘጠና ዘጠኙ ሁሉ «ሁሉን አቀፍ ፕላትፎርም» ብለው እንደጻፉ ቁጠሪው።

እንዲህ ብትዪስ፦ «ጎንደር ውስጥ፣ የታዘዘልህን መድኃኒት የትኛው ፋርማሲ እንዳለው በቴሌግራም እንነግርሃለን።» ሰፈር ያሉ እትዬ ቢሰሙት ይገባቸዋል። ይኸ በትልልቅ ቃል የመሸፈን ነገር ግቢ ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፍ ስንጽፍ የለመድነው ነው። አማካሪያችን አንብቦ ሳይሆን መዝኖ ነበር ውጤት የሚሰጠው። እዚህ ግን ያነባሉ።

ስለ «አዲስ አበባ» ደግሞ፣ ኢንተርቪው ላይ ብትደርሱ አሥር ደቂቃ ነው ያላችሁ። ከአሥሩ ሦስቱን ያልሆናችሁትን በማስረዳት ታባክናላችሁ?

አራዳ_ሰፈር — ማክሰኞ፣ 4፡12

አጋርሽ ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም እኮ። ገበያው ትንሽ ነው ይሏችኋል። ጎንደር ስንት ሰው አለ? ባለሀብት ትልቅ ነገር ነው የሚፈልገው፣ 23 ፋርማሲ ምን ሊያደርግለት።

ቀይ_እስክሪብቶ — ማክሰኞ፣ 4፡20

ፔይስታክ ሲጀምር ናይጄሪያ ውስጥ በካርድ ክፍያ መቀበልን ብቻ ነው የያዘው። በፈረንጅ 2016 ዋይ ኮምቢኔተር ገባ፣ በ2020 ስትራይፕ የሚባለው ትልቁ የክፍያ ኩባንያ ገዛው። ከአንድ ቦታ መጀመር ነውር አይደለም። አንድ ቦታ ላይ ጀምሮ ያንንም አለመጨረስ ነው ነውሩ።

አራዳ_ሰፈር — ማክሰኞ፣ 4፡23

ናይጄሪያ ከ200 ሚሊዮን ሰው በላይ ናት ወንድሜ፣ ጎንደር ናት እንዴ 😂

ጋሼ_ሒሳብ — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡50

ልጆቼ፣ እኔ የድሮ የፋሲለደስ ተማሪ ነኝ፣ አሁን ሲያትል የሒሳብ ሥራ ላይ ነኝ። ስለ ጎንደርና አዲስ አበባው እናንተው ጨርሱት። እኔ ስለ ገንዘቡ ልበል፤ «500,000 ዶላር ይሰጣሉ» ሲባል እንደ ሽልማት የሚሰሙት ወጣቶች ብዙ አይቻለሁ። የኩባንያችሁን ድርሻ እየገዙ ነው።

የዋይ ኮምቢኔተር የአሁኑ ውል ሁለት ክፍል አለው። 125,000ው ለ7 በመቶ ድርሻ ነው። 375,000ው ግን ዋጋው ገና አልተቆረጠም፤ ከእነሱ ቀጥሎ የሚመጣው ባለሀብት የሚያገኘውን የተሻለ ውል ወርሶ ነው ወደ ድርሻ የሚለወጠው። «7 ብቻ ነው የሰጠነው» ብላችሁ ተቀምጣችሁ፣ በኋላ ስታሰሉት እጥፍ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ለምሳሌ ቀጣዩ ሰው ገንዘቡ ከገባ በኋላ በሚኖረው ዋጋ 5 ሚሊዮን ዶላር ቢተምናችሁ፣ 375,000ው ለብቻው 7.5 በመቶ ይወስዳል። ቴክስታርስ የሚባለው ሌላው አክስለሬተርም አሁን በዚሁ ዓይነት ነው የሚሄደው፤ 20,000 ለ5 በመቶ፣ ሌላ 200,000 ዋጋው ሳይቆረጥ። የጉግል የአፍሪካው አክስለሬተር ድርሻ አይወስድም። እሱን ግን ከጥሬ ብር ይልቅ እንደ ምክርና የክላውድ ክሬዲት (የኢንተርኔት ሰርቨር በነፃ መጠቀሚያ) ቁጠሩት።

ደግሞ ይኸ ገንዘብ ጎንደር በወጣ ንግድ ፈቃድ አይገባም። አብዛኛውን ጊዜ ደላዌር በምትባለው የአሜሪካ ግዛት ኩባንያ ይቋቋማል። ከተቋቋመ ገቢ ባይኖርም በየዓመቱ እስከ ማርች 1 ለደላዌር ሪፖርትና ግብር አለ። ባለቤቶቹ የውጭ ዜጎች ሲሆኑ ቅጽ 5472 የሚባል የአሜሪካ የግብር ቅጽ ይመጣል፤ ማስገባት ያለበት ሳያስገባ ቢቀር ቅጣቱ 25,000 ዶላር ነው፣ አዎ ሃያ አምስት ሺህ። እዚህ ለአንዲት ወረቀት ሲያለቅስ ያየሁት ልጅ አለ። በዚያ የደላዌር ኩባንያ ስም ተመልሳችሁ ጎንደር ላይ ቅርንጫፍ እንክፈት ብትሉ ደግሞ በአገራችሁ የውጭ ባለሀብት ሆናችሁ ቁጭ ነው። አዋጅ 1180/2012 ለአንድ ፕሮጀክት ቢያንስ 200,000 ዶላር፣ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ከተጣመረ 150,000 ይላል።

አላስፈራራችሁም፣ ብዙዎች አልፈውታል። ግን ሳይቀበሏችሁ ደላዌር አትሩጡ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው የሚሆነው። የተቀበሏችሁ ቀን ጠበቃ ይዛችሁ ታቋቁማላችሁ።

የማራኪዋ — ረቡዕ፣ 2፡30

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እውነቱን ልንገርዎት፣ አጋሬ ትናንት ማታ የደላዌሩን ፎርም ግማሽ ሞልቶት ነበር። አሁን ደውዬ አስቆምኩት።

አዘዞ_መስመር — ረቡዕ፣ 6፡15

እኛ ሁለት ጊዜ አመልክተን ሁለቴም ወድቀናል፤ ከውድቀታችን የሚጠቅማችሁን ልምዘዝ።

መጀመሪያ፣ የተመሠረተበት ዓመት የሚል ቦታ አለ። እኔ በቀጥታ «2015» ብዬ ሞላሁ፣ በእኛ አቆጣጠር። ያመለከትነው በፈረንጅ 2025። ለአንባቢው እንግዲህ አሥር ዓመት ሠርተን 40 ተጠቃሚ ያለን ድርጅት ነን። አንድ ወዳጄ ከወደቅን በኋላ አንብቦ ሳቀ፣ እኔ አልሳቅሁም።

ቀጥሎ ደግሞ ኔቱ። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የሞባይል ዳታ በክልላችን ለወራት ተቋርጦ ነበር፣ ታስታውሳላችሁ። የእኛ የተጠቃሚ ግራፍ እዚያ ላይ ገደል ይገባል። ይጎዳናል ብለን ግራፉን ቆርጠን ከዚያ ወዲያ ያለውን ብቻ አሳየን። ሞኝነት ነበር። በዚያ ጊዜ በኤስኤምኤስ መቀጠላችንን ብንጽፍ ኖሮ ከሁሉ የሚሻል ማስረጃችን እሱ ነበር። ኔት ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ የሚለውን ሳትጠየቁ መልሱት።

ከዚያ በፊት ደግሞ እዚሁ አገር አንድ ፕሮግራም ገብተን ነበር፣ ስሙን ልተወው። ሦስት ቀን ሥልጠና፣ ቲሸርት፣ መጨረሻ ላይ መድረክ ላይ የበር ያህል የሚያህል ካርቶን ቼክ አሸከሙን። ፎቶው እናቴ ሳሎን ተሰቅሏል። ብሩ እስከ ዛሬ አልመጣም። ካርቶኑን ወንድሜ የዶሮ ቤት ጣሪያ አደረገው።

ደባርቅ_ብርድ — ረቡዕ፣ 6፡22

የዶሮ ቤቱን ፎቶ ካልላክህ አላምንም

ጠያቂ_01 — ረቡዕ፣ 7፡00

ለእኔ በቴሌግራም «ተመርጠሃል፣ ለምዝገባ 150 ዶላር በክሪፕቶ ላክ» ብለው ጻፉልኝ። ትክክለኛ ይሆን? ሎጎው ያው ነው።

አዘዞ_መስመር — ረቡዕ፣ 7፡04

ሌቦች ናቸው። ዋይ ኮምቢኔተር ለማመልከት አያስከፍልም፣ በቴሌግራምም አይመርጥም። አንተ ደግሞ አመልክተህ ነበር እንዴ?

ጠያቂ_01 — ረቡዕ፣ 7፡05

አላመለከትኩም

አዘዞ_መስመር — ረቡዕ፣ 7፡06

ታዲያ ምኑን መረጡህ የኔ ወንድም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ፋርማሲዋ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡10

እኔ ጎንደር መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው፤ የእናንተ ልጆች ሁለት ጊዜ መጥተው እምቢ ያልኳቸው ነኝ። ከእኛ ወገን ያለውን ማንም ስላልተናገረ ልናገር።

ያለኝን ዕቃ ዝርዝር ለምን እሰጣችኋለሁ? ጎረቤቴ ምን እንዳለኝ ያውቃል፣ ዋጋ ይሰብርብኛል። በየጊዜው «አለ፣ የለም» እያልኩ ስመልስ ደግሞ ፊቴ የቆመው ሰው ጥሎኝ ይሄዳል። አለ ብዬ መልሼ ሰውየው ከአዘዞ በባጃጅ እስኪደርስ አንዱ ገዝቶት ቢሄድስ? ስድቡ ለእኔ ነው። ሌላም አለ፤ ናርኮቲክና ሳይኮትሮፒክ መድኃኒት (ሱስ የሚያስይዘውና አእምሮ ላይ የሚሠራው) በልዩ ማዘዣ ነው የሚወጣው። የትኛው ቤት እንዳለው በቦት ብትናገሩ ሌባ ትጠሩብኛላችሁ። እነሱን ከቦቱ አውጡ፤ ከነገ ወዲያ ሳይሆን ዛሬ።

የምፈልገውን ልንገራችሁ? ሰው ምን ጠይቆ እንዳጣ ማወቅ። በቀን ስንቱን «የለም» ብዬ እንደምሸኝ አልጽፈውም፣ ጊዜ የለኝም። አዲስ አበባ ላለው አከፋፋይ ትእዛዝ ስልክ በግምት ነው። ገምቼ ያመጣሁት መደርደሪያ ላይ ቀኑ ያልፍበታል፣ ያላመጣሁት ይጠየቃል። «በዚህ ሳምንት ጎንደር ውስጥ ይኸ መድኃኒት ይህን ያህል ጊዜ ተፈልጎ ጠፋ» የሚል ወረቀት ቅዳሜ ቅዳሜ ቢመጣልኝ ከኪሴ እከፍልበታለሁ።

የማራኪዋ — ረቡዕ፣ 3፡35

እትዬ፣ አሁን ሰውነቴ ውርር አለው። ያ ዝርዝር እኮ አለን። ለሌላ ነገር ሳይሆን ስህተት ለማረም ብለን ነው የምናስቀምጠው። አሁን ከፍቼ አየሁት፦ ባለፉት አራት ሳምንታት 611 ጥያቄ፣ ከዚያ ውስጥ 238ቱ የትም ያልተገኙ። ከ238ቱ ደግሞ ብዙው ተደጋጋሚ ነው፤ አንዱ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ብቻ 31 ጊዜ።

ልዩ ማዘዣ የሚጠይቁትን ዛሬ ማታ እናወጣለን። እሱን አለማሰባችን አሳፍሮኛል።

አንድ ሌላ ነገር ልናዘዝ፦ ከጥያቄው ግማሹ ጽሑፍ አይደለም፣ የማዘዣው ፎቶ ነው። አስታማሚው ስሙን ማንበብ አይችልም፣ ሐኪሙ የጻፈውን ማን ያነባል። ስለዚህ ፋርማሲ የሚማረው ልጃችን ነው ፎቶውን አይቶ በእጁ የሚመልሰው፣ አንዳንዴ ሌሊት 8 ሰዓት። ማመልከቻው ላይ «አስተውሎት» ያልነው እሱን ነው ማለት ነው 🙈

ቀይ_እስክሪብቶ — ረቡዕ፣ 3፡50

ይኸንን ሳትጽፉ ነው «ሁሉን አቀፍ» ስትሉ የነበረው? የፎቶውን ነገር እንዳለ ጻፊው፣ አትደብቂው። ሰው በእጁ የሚሠራው ሥራ መጀመሪያ ላይ አያሳፍርም።

ለመሆኑ የዚያ ልጅ ድርሻ ስንት ነው?

የማራኪዋ — ረቡዕ፣ 4፡02

10 በመቶ። እኛ 45 45። እሱ ኮድ አይጽፍም፣ ገና ተማሪም ነው ብለን ነው።

ቀይ_እስክሪብቶ — ረቡዕ፣ 4፡04

ሌሊት 8 ሰዓት የሚነሳው ባለ 10።

አራዳ_ሰፈር — ረቡዕ፣ 4፡15

እሱ ላይስ እስማማለሁ። ደግሞ ቢመረቅና ወደ ሌላ ቦታ ቢመደብ? ያኔ ድርሻውን ይዞ ይሄዳል እኮ።

ጋሼ_ሒሳብ — ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ለዚህ ነው ድርሻ በአንድ ቀን የማይሰጠው። የተለመደው አራት ዓመት ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት ሳይሞላ የሄደ ምንም አይወስድም፣ ዓመቱን የሞላ ሩብ ያገኛል፣ ከዚያ በየወሩ እየተቆጠረ ይጨመርለታል። ሦስታችሁም በዚህ ግቡ፣ አንቺም ጭምር። ያኔ እኩል ወይም እኩል ገደማ ማካፈል አያስፈራም፤ የሚሄድ ያልሠራበትን ጥሎ ይሄዳልና። አሁን ብሩ ሳይመጣ በወረቀት ፈርሙት። ብር ከመጣ በኋላ ወንድማማች ሲለያይ አይቻለሁ፣ ያውም በዚህች በሲያትል ብቻ።

የማራኪዋ — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡40

ዛሬ ሦስታችን ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን ሦስት ሰዓት ተጨቃጨቅን። 34፣ 33፣ 33 ላይ ቆመ። አጋሬ ትንሽ አኩርፏል፤ ነገ ይመለሳል። ፋርማሲስቱ ልጅ ሲሰማ ዝም አለና «ሒሳቡን እኔ ልክፈል» አለ። ሌላ አላለም።

የጎንደርና የአዲስ አበባው ነገርም አለቀ፣ በእትዬ ፋርማሲዋ። ነገሩ የገባው ለአጋሬ ለራሱ ነው፦ ከመተማም ከደባርቅም ከበለሳም ታማሚው ወደ አንድ ሆስፒታል ነው የሚመጣው፣ መድኃኒት ቤቶቹን ደግሞ በእግር መጨረስ ይቻላል። የአንድ ከተማን «የለም» በሙሉ መያዝ እዚህ ይቻላል። አዲስ አበባ ብንጀምር በሁለት ዓመት አንይዘውም። «ገበያው ትንሽ አይደለም ወይ» ለሚለው ይኸንኑ ጻፍን፤ ቀጥሎ ባሕር ዳርና ደሴ ብለን። አፍሪካን ሰረዝናት።

የአንድ ደቂቃ ቪዲዮው ነው የቀረ። ፋሲል ግቢን ከጀርባ እናድርገው ወይስ?

አዘዞ_መስመር — ሐሙስ፣ 1፡55

ቱሪዝም ቢሮ አይደለም የምታመለክቱት 😂 ነጭ ግድግዳ፣ ሦስታችሁም ፊታችሁ ይታይ፣ ስክሪፕት አታንብቡ። ድምፁን መጀመሪያ ቅዱና ስሙት፣ የእኛ ላይ የጎረቤት ወፍጮ ነበር የሚሰማው።

ደባርቅ_ብርድ — ሐሙስ፣ 2፡03

መብራት ሳይጠፋ ቅዱት። ሰዓቱንም አትርሱ፣ ጠዋት 12!

የማራኪዋ — ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 11፡05

አልተኛንም። ቪዲዮው አራተኛ ሙከራ ላይ ወጣ። ሁሉን ሞልተናል፣ «ላክ» የሚለውን አልተጫንም። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር፦

«ጎንደር ውስጥ የታዘዘ መድኃኒት የት እንደሚገኝ ለአስታማሚዎች በቴሌግራም እንነግራለን፤ ለፋርማሲዎች ደግሞ ምን ተፈልጎ እንደጠፋ።»

ቀይ_እስክሪብቶ — ማክሰኞ፣ 11፡12

በጄ። አንድ ነገር፦ ላይ 23 ፋርማሲ ብለሻል፣ በውስጥ የላክሽልኝ ረቂቅ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ 21 ይላል።

የማራኪዋ — ማክሰኞ፣ 11፡14

ሁለቱ ባለፈው ሳምንት ወጡ። ሁሉም ቦታ 21 አደርገዋለሁ። አመሰግናለሁ ወንድም ጋሼ።

ፋርማሲዋ — ማክሰኞ፣ 11፡18

ዛሬ ተረኛ ነኝ፣ እንቅልፍ የለም። ያ የቅዳሜ ወረቀት ስንት ነው በወር?

የማራኪዋ — ማክሰኞ፣ 11፡19

እትዬ 300 ብር ብለን አስበን ነበር

ፋርማሲዋ — ማክሰኞ፣ 11፡20

200። ደግሞ ዝርዝሬን አልሰጥም፣ ወረቀቱን ብቻ ነው የምቀበለው። በቴሌብር ልላክ?

የማራኪዋ — ማክሰኞ፣ 11፡21

እሺ 200!! ገቢ የሚለው ላይ ዜሮ ብለን ነው የሞላነው። 39 ደቂቃ አለ፣ አሁን ልቀይረው

ቀይ_እስክሪብቶ — ማክሰኞ፣ 11፡22

ብሩ ሳይገባ እንዳትቀይሪ።

ፋርማሲዋ — ማክሰኞ፣ 11፡26

ገብቷል፣ እዪው።